ካስቴልኑኦቮና ሁለቱ ዜሮዎች

አራት ኪሎ ሳይንስ ግቢ ውስጥ አልጀብራዊ ጂኦሜትሪ (በፖሊኖሚያል እኩልታ የሚገለጹ ኩርባዎችና ገጾች ጥናት) የጀመረ ተማሪ የጉይዶ ካስቴልኑኦቮን ስም ቶሎ ያገኘዋል። ስሙ ግን ሁልጊዜ ቲዎረም ላይ ተለጥፎ ነው የሚመጣው፦ የካስቴልኑኦቮ ወሰን፣ የካስቴልኑኦቮ መመዘኛ፣ የካስቴልኑኦቮ ቅነሳ። ሰውየው ማን ነበር? መመዘኛውስ ለምን በዚያ ቅርጽ ተጻፈ? እኔ ሁለቱን ጥያቄዎች ነጣጥዬ ማየት አልችልም። መመዘኛው የተገኘው ካስቴልኑኦቮ እውነት ይሆናል ብሎ የገመተው ነገር ሐሰት ሆኖ ሲገኝ፣ ሳያቅማማ ተቀብሎ ጥያቄውን እንደ አዲስ ስላነሣው ነው። በሕይወቱም በሌላው ሥራው ይኸው ጠባይ ይታያል። (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የተወለደው ኦገስት 14 ቀን 1865 ቬኒስ ውስጥ ነው። አባቱ ኤንሪኮ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበሩ፤ የከተማዋን ከፍተኛ የንግድ ትምህርት ቤትም መርተዋል። ልጁ ፓዶቫ ገብቶ በ1886 በጁዜፔ ቬሮኔዜ ሥር ተመረቀ። ቬሮኔዜ ከሦስት ዳይሜንሽን በላይ ባለው ኅዋ ጂኦሜትሪ መሥራትን ካለማመዱት ሰዎች አንዱ ነው፤ ይህ ልምድ ለተማሪው ዕድሜ ልክ ስንቅ ሆኖታል። አንድ ዓመት ሮም ቆይቶ ወደ ቱሪን ተሻገረና የኤንሪኮ ዶቪዲዮ ረዳት ሆነ። እዚያ በሁለት ዓመት ብቻ የሚበልጠው ኮራዶ ሴግሬ ነበር። ሁለቱ በኩርባዎች ላይ ባደረጉት የጋራ ሥራ የጣሊያን የአልጀብራዊ ጂኦሜትሪ ትምህርት ቤት የሚባለው ነገር መልክ ያዘ። በ1891 ካስቴልኑኦቮ ገና የ26 ዓመት ወጣት ሳለ በሮም ዩኒቨርሲቲ የአናሊቲካልና የፕሮጄክቲቭ ጂኦሜትሪ ወንበር ተሰጠው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ አንጋፋው ሉዊጂ ክሬሞና ነበር፤ ክሬሞና በ1903 ሲሞት የከፍተኛ ጂኦሜትሪውን ኮርስ የተረከበው እሱ ነው።

የቱሪን ዘመኑ ዋና ፍሬ የ1889ኙ የጂነስ ወሰን ነው። ጂነስ ማለት ኩርባውን በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ላይ እንደ ገጽ አድርገን ስናየው የሚኖሩት ቀዳዳዎች ብዛት ነው። ዲግሪው ዲ የሆነ ኩርባ ዳይሜንሽኑ አር በሆነ ኅዋ ውስጥ ሲቀመጥ ጂነሱ ቢበዛ ስንት ይደርሳል? አሠራሩ አጭር ነው። ከዲ ላይ 1 ቀንሱና ለ(አር − 1) አካፍሉ፤ ድርሻውንና ቀሪውን ያዙ። ወሰኑ፦

ድርሻ × (ድርሻ − 1) ÷ 2 × (አር − 1) + ድርሻ × ቀሪ

በሦስት ዳይሜንሽን ኅዋ ዲግሪ 6 ያለው ኩርባ እንውሰድ። 5 ለ2 ሲካፈል ድርሻው 2፣ ቀሪው 1 ነው፤ ስለዚህ 1 × 2 + 2 × 1 = 4። ዲግሪው 7 ቢሆን ድርሻው 3፣ ቀሪው 0 ነው፤ ወሰኑም 6 ይሆናል። አር 2 ሲሆን ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው የጠለል ኩርባ ቀመር፣ (ዲ − 1)(ዲ − 2) ÷ 2፣ ተመልሶ ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቀመሩ የሚሠራው ኩርባው አንድ ጠለል ውስጥ ተኝቶ ካልቀረ ብቻ ነው። ጠለል ላይ የተሳለ ለስላሳ (ሹል ነጥብ የሌለው፣ ራሱንም የማያቋርጥ) የዲግሪ 6 ኩርባ ጂነሱ 10 ነው፤ ሦስት ዳይሜንሽን ውስጥ ስላስቀመጥነው ወደ 4 አይወርድም። ምክንያቱን ለማየት ኩርባውን በጠለል ቁረጡት። 6 ነጥብ ታገኛላችሁ፤ ኩርባው በእርግጥ ኅዋውን የሚሞላ ከሆነ፣ እንደ ነገሩ በተመረጠ ጠለል ላይ ከነጥቦቹ ሦስቱ በአንድ መስመር አይውሉም። የጠለል ኩርባ ስትቆርጡ ግን ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ይደረደራሉ። ማረጋገጫው በሙሉ የቆመው በዚህች ልዩነት ላይ ነው። ካራክተሪስቲኩ ዜሮ ካልሆነም (ማለትም 1 ተደጋግሞ ሲደመር ዜሮ በሚሆንበት የቁጥር ሥርዓት፣ ፊልድ፣ ላይ) ይህችው እርምጃ ልትከዳ ስለምትችል፣ እንዲያ ባለ ፊልድ ላይ የሚሠራ ሰው ቀመሩን ከመጥቀሱ በፊት ይችን ቦታ ይመርምር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ክበቡን ሀ² + ለ² = 1 ሁሉም ያውቀዋል። በ(−1, 0) በኩል ዝንባሌው ተ የሆነ መስመር ብናሳልፍ ክበቡን በአንድ ሌላ ነጥብ ብቻ ይቆርጠዋል፤ እሱም ሀ = (1 − ተ²) ÷ (1 + ተ²)፣ ለ = 2ተ ÷ (1 + ተ²) ነው። ክበቡ እንግዲህ በአንድ ተለዋዋጭ፣ ያለ ካሬ ሥር፣ በክፍልፋይ ብቻ ተጻፈ። እንዲህ የሚጻፍ ኩርባ ራሽናል ይባላል። ለኩርባዎች መልሱ አንድ ቁጥር ብቻ ይጠይቃል፦ ጂነሱ 0 ከሆነ ራሽናል ነው፤ ካልሆነ አይደለም።

ለገጾችስ? አንድ ገጽ በሁለት ተለዋዋጮች፣ ጥቂት ነጥቦችና ኩርባዎች ቢቀሩ እንኳ አንድ ለአንድ፣ በክፍልፋይ የሚጻፈው መቼ ነው? በኩርባው ልክ የሚሠራ ጂነስ ለገጽም አለ። ዲግሪው ን የሆነ ለስላሳ ገጽ ከሆነ፣ ዲግሪያቸው ን − 4 የሆኑ ባለ አራት ተለዋዋጭ ፖሊኖሚያሎች ስንት እንደሆኑ መቁጠር ነው። ን = 3 ከሆነ 0፣ ን = 4 ከሆነ 1፣ ን = 5 ከሆነ 4፣ ን = 6 ከሆነ 10። ለስላሳ የዲግሪ 3 ገጽ ራሽናል ነው፤ ለስላሳ የዲግሪ 4 ገጽ ግን ጂነሱ 1 ስለሆነ ከወዲሁ ተሰናብቷል። ገጹ ራሱን የሚያቋርጥባቸው ድርብ መስመሮች ካሉት ደግሞ ፖሊኖሚያሎቹ በእነዚያ መስመሮች ማለፍ አለባቸው፤ በዚህ የተነሣ ቁጥሩ ይቀንሳል።

ጂነስ 0 ብቻውን አይበቃም። ጠለል ላይ ያለ ጂነሱ 1 የሆነ የዲግሪ 3 ኩርባ ወስዳችሁ፣ ከጠለሉ ውጭ ካለ አንድ ነጥብ ጋር በመስመር አገናኙትና ሾጣጣ ሥሩ። የሾጣጣው ጂነስ 0 ነው፤ ነገር ግን ራሽናል ሊሆን አይችልም። ራሽናል ቢሆን ኖሮ በተለዋዋጮቹ ጠለል ላይ ያለ አንድ መስመር ሾጣጣውን አልፎ ሥሩ ያለውን ኩርባ ይሸፍነው ነበር፤ መስመር የሚሸፍነው ኩርባ ደግሞ ራሱ ራሽናል ነው፣ ይህም የሉሮት ቲዎረም ነው። የኛ ኩርባ ግን ጂነሱ 1 ነው። ይህን ዓይነቱን ገጽ የሚያጋልጠው ሌላ ቁጥር ኢሬጉላሪቲ ይባላል፤ ከዚህ በኋላ ኪው እለዋለሁ። ለሾጣጣው ኪው 1 ነው።

ስለዚህ ካስቴልኑኦቮ በ1893 ገደማ ያነሣው ጥያቄ ተፈጥሯዊ ነበር፦ ጂነሱም ኪውም ዜሮ ከሆኑ ገጹ ራሽናል ነው ማለት ይቻላል?

በዚያው ሰሞን ነው ፌዴሪጎ ኤንሪኬስ የመጣው። በ1871 ሊቮርኖ የተወለደው ኤንሪኬስ በ1892 መጨረሻ ሮም ሲደርስ የክሬሞናን ትምህርት ፈልጎ ነበር፤ የተጣበቀው ግን ከካስቴልኑኦቮ ጋር ነው። ኤንሪኬስ መጽሐፍ ላይ ተጎንብሶ የሚውል ሰው አልነበረም። ካስቴልኑኦቮ ይህን ቶሎ ተረድቶ ትምህርቱን ወደ ንግግር ለወጠው፤ በሮም መንገዶች እየተመላለሱ ስለ ገጾች ያወሩ ነበር። አንዱ ፊት ፊት ይሮጣል፣ ሌላው እያንዳንዱን እርምጃ ይመዝናል። ኤንሪኬስ በ1894 ቦሎኛ ተቀጥሮ ሲሄድ ንግግሩ በደብዳቤ ቀጠለ፤ የኤንሪኬስ ደብዳቤዎች ተጠብቀው ቆይተው በ1996 ታትመዋል፣ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ዝምድናውም በ1896 በጋብቻ ጠነከረ፤ ካስቴልኑኦቮ የኤንሪኬስን እህት ኤልቢናን አገባ።

የካስቴልኑኦቮን ግምት ያፈረሰው ምሳሌ በ1894 ከኤንሪኬስ በደብዳቤ መጣ። ወረቀትና እርሳስ ይዞ በአንድ መቀመጫ ሊፈተሽ የሚችል ስለሆነ ቀረብ ብለን እንየው። ቴትራሄድሮን ውሰዱ፦ አራት ፊት፣ ስድስት ጠርዝ። ፊቶቹ ሀ = 0፣ ለ = 0፣ መ = 0፣ ሠ = 0 ይሁኑ። ገጹ፦

ሀ²ለ²መ² + ሀ²ለ²ሠ² + ሀ²መ²ሠ² + ለ²መ²ሠ² + ሀለመሠ × ቀ = 0

ቀ ማንኛውም በቂ ጠቅላላ የሆነ የዲግሪ 2 ፖሊኖሚያል ነው። ዲግሪው 6 ነው፤ በስድስቱም ጠርዞች ላይ ድርብ ነው። ጂነሱን ለማግኘት በስድስቱ ጠርዞች የሚያልፉ የዲግሪ 2 ገጾችን እንፈልግ። አንድ ፊት ላይ ሦስት ጠርዝ አለ። የዲግሪ 2 ገጽ ጠለልን የሚቆርጠው በዲግሪ 2 ኩርባ ስለሆነ ሦስት መስመር መያዝ አይችልም፤ ከያዘ ፊቱን በሙሉ ይዟል ማለት ነው። አራቱንም ፊቶች ለመያዝ ደግሞ ዲግሪው 4 መሆን ነበረበት። ስለዚህ እንዲህ ያለ ገጽ የለም፤ ጂነሱ 0 ነው። ኪውም 0 ነው፤ የሱ ስሌት ረዘም ስለሚል እዚህ አልገባበትም።

እስካሁን ሁሉም ነገር ራሽናል ይመስላል። አሁን አንድ እርምጃ ወደ ላይ እንውጣ። ዲግሪውን እጥፍ እናድርግ፦ በ2 ፋንታ 4፤ ጠርዞቹንም በማለፍ ፋንታ ድርብ ሆኖ ማለፍ። ይህን የሚያሟላ ገጽ አለ? አለ፤ ዓይናችን ሥር ያለው ቴትራሄድሮን ራሱ ነው፣ ሀለመሠ = 0። እያንዳንዱ ጠርዝ የሁለት ፊቶች መገናኛ ስለሆነ ቴትራሄድሮኑ ጠርዙ ላይ ድርብ ነው። ሌላ ደግሞ የለም፤ አንድ ፊት ላይ ሦስት ድርብ መስመር ማለት ዲግሪ 6 ነው፣ እኛ ያለን 4 ብቻ ስለሆነ ፊቱን በሙሉ መያዝ ግድ ይሆናል። ይህ ሁለተኛ ቁጥር ፒ2 ይባላል፤ እዚህ ፒ2 = 1 ሆነ። ራሽናል ገጽ ላይ ፒ2 ሁልጊዜ 0 ስለሆነ፣ ይህ ገጽ ራሽናል አይደለም። ዛሬ የኤንሪኬስ ገጽ እንለዋለን።

ካስቴልኑኦቮ ግምቱ ሲወድቅ የወደቀበትን ቦታ ለይቶ አየ። ምሳሌውን ከራሽናል የለየው ፒ2 ነው፤ እንግዲያው ጂነሱን በፒ2 ብንተካውስ? በ1896 መልሱን አወጣ፦ ገጽ ራሽናል የሚሆነው ኪው = 0 እና ፒ2 = 0 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜም ብቻ ነው። ጂነሱን ለብቻው መጠየቅ አያስፈልግም፤ ጂነስ የሚሰጥ ፖሊኖሚያል ቢኖር ኖሮ ካሬው ፒ2ን ከዜሮ በላይ ያደርገው ነበር። ሁለቱ ዜሮዎች አንዱ ሌላውን አይተኩም። ሾጣጣው ፒ2 = 0 አለው፣ ኪው ግን 1 ነው። የኤንሪኬስ ገጽ ኪው = 0 አለው፣ ፒ2 ግን 1 ነው። በእኔ አስተያየት ከዚያ ዘመን ጂኦሜትሪ ውስጥ ይህን ያህል የተቆጠበና ይህን ያህል ሥራ የሚሠራ ዓረፍተ ነገር ማግኘት ይከብዳል።

ጥቅሙ ወዲያው ይታያል። አንድ ገጽ በሁለት ተለዋዋጭ ተጽፎ፣ አጻጻፉ ግን አንድ ለአንድ ሳይሆን አንድን ነጥብ ሦስት ወይም አምስት ጊዜ የሚደግም ቢሆንስ? ድግግሞሹን ማስወገድ እንደሚቻል ካስቴልኑኦቮ በ1894 አሳይቷል፤ በመመዘኛው በኩል ደግሞ ነገሩ በሁለት መስመር ያልቃል፣ ድግግሞሽ ያለበት አጻጻፍም ቢሆን ሁለቱን ቁጥሮች ዜሮ ያደርጋቸዋልና። ኤንሪኬስ ይህንኑ መንገድ ተከትሎ በፒ12 (እንደ ፒ2 ያለ፣ ግን በ2 ፋንታ በ12 እጥፍ የሚሰላ ቁጥር) የገጾችን ጠቅላላ ምደባ በ1914 አሳተመ፤ በ1960ዎቹ ኩኒሂኮ ኮዳይራ እንደገና ጽፎ አስፋፋው።

አሠራራቸውን ካስቴልኑኦቮ ራሱ በ1928 የቦሎኛ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ በግልጽ ተናግሯል፦ የገጽ ምሳሌዎችን በሁለት መደርደሪያ እንዳስቀመጡ፣ በአንደኛው ኪው ዜሮ የሆነባቸው ያለ ችግር የሚታዘዙ፣ በሁለተኛው ግን ሕጉን ሁሉ የሚያፈርሱት እንደነበሩ። ችግሩ የመጣውም ከሁለተኛው መደርደሪያ ነው። በ1904ና በ1905 ኤንሪኬስ፣ ፍራንቼስኮ ሴቬሪና ካስቴልኑኦቮ ያቆሙት የነዚህ ገጾች መሠረታዊ ቲዎረም ያረፈው በኤንሪኬስ ማረጋገጫ ላይ ነበር። ሴቬሪ በ1921 ቀዳዳውን አሳየ፤ የሴቬሪ የራሱ ጥገናም አልያዘም፤ በሁለቱ መካከል መራር ጠብ ተከተለ። ቲዎረሙ እውነት መሆኑን አንሪ ፖይንካሬ በ1910 በአናሊሲስ መንገድ አሳይቶ ነበር፤ ጥርት ያለ አልጀብራዊ ማረጋገጫ የመጣው ግን በግሮተንዲክ የስኪም ቋንቋ ነው።

ካስቴልኑኦቮ ጠቡ ሲጦፍ ከሜዳው ርቆ ነበር። ከ1906 ገደማ ጀምሮ ፊቱን ወደ ሌላ ሥራ አዞረ፦ የ1908ቱን የሮም ዓለም አቀፍ የሒሳብ ጉባኤ አዘጋጀ፣ ስለ ትምህርት አሰጣጥ ሠራ፣ በ1919 የፕሮባቢሊቲ መማሪያ አሳተመ። በ1921 ሮም የደረሰው ኦስካር ዛሪስኪ በሱ ሥር በ1924 ዶክትሬቱን አገኘ። ዛሪስኪ ኋላ እንደተናገረው የጣሊያን ዘዴ የሚችለውን ሁሉ ሠርቶ ጨርሷል፣ አዲስ መሣሪያ ያስፈልጋል፣ የሌፍሼትዝን ቶፖሎጂ አንብብ ያለው ካስቴልኑኦቮ ነው። በራሱ ዘዴ ስሙን ያስጠራ ሰው ተማሪውን ወደ ሌላ ዘዴ ሲልክ ማየት ብርቅ ነው። ዛሪስኪ አሜሪካ ሄዶ መሠረቱን በአልጀብራ እንደ አዲስ ገነባው፤ የካስቴልኑኦቮን መመዘኛም በ1958 ካራክተሪስቲኩ ዜሮ ላልሆነ ፊልድ አረጋገጠው።

የድሮዎቹን ጽሑፎች ማንበብ ለሚፈልግ ሁለት ነገር ልጠቁም። አንደኛ፣ «ገጽ» ሲሉ በሦስት ዳይሜንሽን ኅዋ ያለ፣ ድርብ ኩርባና ሦስት ጊዜ የተደራረቡ ነጥቦች ብቻ ያሉት ገጽ ማለታቸው ነው፤ ይህን ካልያዙ የዲግሪ ስሌቱ ትርጉም አይሰጥም። ሁለተኛ፣ «በአጠቃላይ» የሚለው ቃል ውስጥ ቅድመ ሁኔታ ተደብቋል፤ ኅዳጉ ላይ «ለየትኛው ነጥብ? ለየትኛው ጠለል?» ብሎ እየጻፉ መሄድ ይጠቅማል። የካስቴልኑኦቮ ጽሑፎች በዚህ ረገድ ከኤንሪኬስ ይልቅ የተጠነቀቁ ናቸው።

ካስቴልኑኦቮ በ1935 ጡረታ ወጣ። በዚያው ዓመት የፋሺስቱ መንግሥት አገራችንን ወረረ። የካቲት 12 የአዲስ አበባ ሕዝብ ከተጨፈጨፈ ልክ በሁለት ወሩ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1937፣ ጣሊያናዊ ከአፍሪካዊት ጋር በትዳር መልክ እንዳይኖር የሚከለክል የዘር አዋጅ ወጣ። በ1938 ደግሞ የዘር ሕጉ በጣሊያን አይሁዳውያን ላይ ዞረ። መጀመሪያ በእኛ ላይ የተጻፈውን፣ ቀጥሎ በነሱ ላይ የተጻፈውን ጎን ለጎን ማንበብ ተገቢ ይመስለኛል፤ የአንድ መንግሥት የአንድ ፖሊሲ ሁለት ገጽ ናቸውና። ካስቴልኑኦቮም ኤንሪኬስም አይሁዳውያን ነበሩ። ኤንሪኬስ ከዩኒቨርሲቲ ተባረረ፤ አይሁዳውያን ወጣቶች አዲስ እንዳይመዘገቡ ተከለከሉ።

የሚያዝያ 27 ሐውልት፣ አራት ኪሎ አደባባይ ላይ የቆመው፣ የሚዘክረው ሜይ 5 ቀን 1941ን ነው። በዚያው ዓመት ማብቂያ፣ አዲስ አበባ ነጻ ወጥታ ሮም ገና በፋሺስት እጅ ሳለች፣ የ76 ዓመቱ ካስቴልኑኦቮ ለተከለከሉት ተማሪዎች ድብቅ የዩኒቨርሲቲ ኮርስ አደራጀ። መላው እንዲህ ነበር፦ ተማሪዎቹ ስዊዘርላንድ ፍሪቡርግ ባለ የቴክኒክ ተቋም ይመዘገባሉ፣ ትምህርቱን ግን ሮም ውስጥ ይከታተላሉ፤ ከመምህራኑም አይሁዳውያን ያልሆኑ ነበሩበት። ኮርሱ እስከ 1943 ዘለቀ። በዚያ ሴፕቴምበር ጀርመኖች ሮምን ሲይዙ እሱና ቤተሰቡ ተደበቁ፤ የወጡት በጁን 1944 ከተማዋ ነጻ ስትወጣ ነው።

ከዚያ በኋላ የብሔራዊ የምርምር ምክር ቤቱን እንደገና እንዲያቋቁም ተሾመ፤ የሊንቼይ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ ሠራ፤ በ1949 የዕድሜ ልክ ሴናተር ተባለ። ያረፈው ኤፕሪል 27 ቀን 1952 ሮም ነው። አዲስ አበባ ላይ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1950 ሲከፈት እንግዲህ በሕይወት ነበር። የሮም ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ክፍል ዛሬም በስሙ ይጠራል። በ1913 የተወለደችው ልጁ ኤማ በዘር ሕጉ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ታግዳ በአይሁዳውያን ትምህርት ቤት አስተማረች፤ ከጦርነቱ በኋላ ወረቀት በማጠፍና ክር በመወጠር ጂኦሜትሪ የምታስተምር ዝነኛ መምህርት ሆነች፣ ኒጀር ድረስ ሄዳም አስተምራለች። በ2014 በ100 ዓመቷ አረፈች።

የሁለቱ ዜሮዎች ጥያቄ ግን ወደ ሦስት ዳይሜንሽን ሲሻገር መልኩን ለወጠ። በአራት ዳይሜንሽን ኅዋ ያለ ለስላሳ የዲግሪ 3 አካል ኪው 0 ነው፣ ፒ2ም ሆነ ከሱ በላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ 0 ናቸው፣ ድግግሞሽ ባለበት አጻጻፍም በሦስት ተለዋዋጭ ይጻፋል። የካስቴልኑኦቮ ሕግ ቢሠራ ኖሮ ራሽናል በሆነ ነበር። ክሌመንስና ግሪፊትስ በ1972 ራሽናል አለመሆኑን አረጋገጡ፤ ያጋለጠው ቁጥር ሳይሆን ከአካሉ ጋር የተያያዘ ባለ 5 ዳይሜንሽን ቶረስ ነው፣ ራሽናል ቢሆን ኖሮ ቶረሱ ከኩርባዎች የሚመጣ መሆን ነበረበት፣ አይደለምም። በዚያው ሰሞን ኢስኮቭስኪክና ማኒን ለዲግሪ 4፣ አርቲንና ማምፎርድ ደግሞ በሌላ መንገድ ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። ለሦስት ዳይሜንሽን በሁለት ቁጥር የሚያልቅ መመዘኛ እስከ ዛሬ የለም።